ሙልሙሉ ውስጥ ያለው ግማሽ ክኒን

«እምዬ፥ እዚህ ጥግ ላይ የነበረችው ሙልሙልስ?»

ሥራነሽ የሌማቱን ክዳን እንደያዘች ቀረች። ጠዋት ሞልቶ የነበረው ሌማት ባዶ ሊሆን ሁለት ሙልሙል ብቻ ቀርቶታል። እሷ የምትፈልጋት ግን ከሁለቱ አንዷም አይደለችም። የምትፈልገው ትንሿን፥ ሆዷ ላይ በአውራ ጣቷ ጫን ብላ ምልክት ያደረገችባትን ነው።

እናቷ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ነጠላዋን እያጣፋች ወደ ቅዳሴ ለመሄድ ትጣደፋለች። «የትኛዋ?» አለች ዞር ሳትል።

«ትንሿ! ለብቻዋ ያስቀመጥኳት!»

«እሷንማ ለሆያ ሆዬዎቹ ሰጠኋቸው። አሥራ አምስት ይሆናሉ፥ ዝናቡ አበስብሷቸዋል፤ አንድ ሙልሙል የት ይደርስላቸዋል ብዬ ጥግ ጥጉን ጠራርጌ አሸከምኳቸው። ምነው? ያንቺ ድርሻ እንደሆነ ይኸው አለልሽ።»

ሥራነሽ ክዳኑን ወለሉ ላይ ጣለችው። በዚያች ሙልሙል ሆድ ውስጥ ግማሽ ክኒን አለ። ይህን ደግሞ ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም።

ከታች ከሜዳው ጅራፍ ጮኸ። ወዲያው ጥጃው ቤት የታሰረው የውሻዋ የመከታ ድምፅ ተሰማ። መጮህም ማላዘንም አይደለም። ሰው ጣቱን በር ሲቆርጠው የሚያሰማው ዓይነት ነው።

መከታ የሚለውን ስም ያወጣለት አባቷ ነበር። ገና ቡችላ ሳለ ጅብ ደፍሮ ያባረረ ውሻ ነው። ጅብ የደፈረ ውሻ ጅራፍ ሲፈራ ማየት የሮብ ገበያን ሰው በሙሉ ያስቃል፤ ሥራነሽን ግን አስቋት አያውቅም። ነሐሴ ገብቶ ልጆቹ ጅራፋቸውን ማጮህ ሲጀምሩ መከታ ሌላ ውሻ ይሆናል። ለሃጩ ይዝረበረባል፥ መላ አካሉ ይንቀጠቀጣል፥ ጥፍሩ እስኪደማ መሬቱን ይቆፍራል። አምና በ1962 የቡሄ ዕለት ገመዱን በጥሶ ወጣና ድረስ የሚባለውን የስምንት ዓመት ልጅ ጅራፍ በያዘበት ክንዱ ላይ ነከሰው።

ውሻው አብዷል ተብሎ አርባ ቀን ታሰረ፤ አላበደም። ነገሩ በሽማግሌ ታየ። የሥራነሽ አባት አቶ እንዳላማው ነጭ ለባሽ ነው፤ መንግሥት ጠመንጃ ያስታጠቀው፥ ከተናገረው ፍንክች የማይል ሰው። ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ «ይኼ ውሻ ሁለተኛ ከአጥሬ ከወጣ፥ ነከሰም አልነከሰም፥ በገዛ እጄ እደፋዋለሁ» አለ። የድረስ አባትም በዚህ ቃል ይቅር አለ። ዛሬ ማለዳ አባቷ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመውጣቱ በፊት ጠመንጃውን ከግድግዳ አወረደ፥ ወለወለ፥ ከበሩ መቃን ሥር አስደገፈው። ሥራነሽ ለምን እንደሆነ ገብቷታል።

ለዚህ ቀን ስትዘጋጅ ነው የከረመችው። የከብት ክትባት ሊሰጥ ዘንድሮ ወደ ሮብ ገበያ የመጣውን ጋሽ ፍሥሐን ለመከታ የፍርሃት ማስታገሻ እንዲሰጣት ሦስት ቀን ሙሉ ደጅ ጠናችው። በሦስተኛው ቀን «እሺ፥ ውሻሽ ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ ጠየቃት። ይኼ ጥያቄ ነው ወደ ነጋዴው ወደ ጋሽ ሱሩር ሱቅ የወሰዳት። ጋሽ ሱሩር ሚዛናቸውንና መከታን እያፈራረቁ አዩና «ልጄ፥ እህል መዝኛለሁ፥ ቆዳም መዝኛለሁ፤ ከነነፍሱ የመጣ ውሻ ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው» አሏት። ለሃጩ እንዳይነካቸው ራቅ ብለው ቆመው፥ በአሮጌ ጆንያ አስጠቅልለው፥ ሚዛኑ ላይ አንጠለጠሉት። አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሆነ።

ጋሽ ፍሥሐ አንዲት ክኒን በምላጭ ለሁለት ከፈለና ግማሽ ግማሿን በወረቀት ጠቀለለላት።

«ያለኝ ይቺው ናት፤ ሌላው ደብረ ማርቆስ ነው ያለው» አላት። «አንዷ ለዋዜማው ማታ ናት፤ አንዷ ለበዓሉ ጠዋት፥ ጅራፉ ሳይበዛ። አልሠራችም ብለሽ እንዳትደግሚ፥ እስክትሠራ አንድ ሰዓት ያህል ትቆያለች። ከተፋት ወይም ካስመለሳት፥ ምን ያህሉ እንደገባለት ካላወቅሽ፥ ሌላ አትጨምሪ። ደግሞ ከሰው ምግብ ጋር እንዳታገናኛት። ከእጅሽ ወደ አፉ፥ በቃ።»

ሁሉንም በቃሏ ያዘች። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ግን አልጠበቀችም።

ምን ታድርግ? ጾሙ ፍልሰታ ነው፤ ቤት ውስጥ ሥጋ የለ፥ ቅቤ የለ፥ ወተት የለ። ማታ የመጀመሪያዋን ግማሽ በሽሮ ለውሳ ሰጠችው። መከታ ሽሮውን ልቅም አድርጎ ልሶ ክኒኗን መሬት ላይ ትቶላት ሄደ። ደግማ አጎረሰችው፥ ደግሞ ተፋት። በሦስተኛው ክኒኗ በለሃጩ ሟሟችና እጇ ላይ ነጭ ውሃ ሆና ቀረች። ምን ያህሉ እንደዋጠ እግዜር ይወቀው። ስለዚህ ዛሬ እናቷ ትኩስ ሙልሙል ስታወጣ ሥራነሽ ዞር እስክትል ጠብቃ የቀረችውን ግማሽ አንዲቱ ሙልሙል ሆድ ውስጥ ከተተቻት። ሙልሙል ሲሆን መከታ ሳያኝክ ነው የሚውጠው። ውሃ ቀድቼ እስክመለስ ትቀዝቅዝ አለች። ያችኑ ውሃ ቀድታ መመለሷ ነው።

እንስራውን ከደጃፉ እንዳስቀመጠችው ወደ አጥሩ በር ሮጠች። ከጥጃው ቤት ሰንሰለቱ ተንኳኳ፥ ቀጥሎ በሩ ተገጨ። እግሯ ቆመ። አሁን ብትገባና ብታቅፈው ይረጋጋ ይሆናል። ከሄደች ግን በሩን ይገነጥለዋል፤ በሩን ከገነጠለ ደግሞ ጠመንጃው መቃኑ ሥር ተደግፎ እየጠበቀው ነው። ሙልሙሏንስ? ከሆያ ሆዬዎቹ ኋላ ኋላ የሚንጠለጠሉ የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች አሉ። ያቺ ግማሽ ክኒን ትንሽ ልጅ ምን ታደርገው ይሆን? ታስተኛው ይሆን? ከዚያስ ይነቃ ይሆን? አታውቅም። አለማወቋ ነው ከበሩ ያወጣት።

«እምዬ፥ መከታን እይልኝ!»

«እኔ ለቅዳሴ እየሄድኩ... አንቺ ልጅ! ወዴት ነው?»

ቁልቁል ሮጠች። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ያሰምጣታል። ሆያ ሆዬዎቹ የለቀሙትን ሙልሙል እዚያው እንደማይበሉ ታውቃለች። ፍልሰታን ልጅም ይጾማልና ቅዳሴ እስኪወጣ በጆንያ ያጠራቅሙና ኋላ ይካፈሉታል። ቅዳሴው የሚወጣው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ችግሩ የትኛው ቡድን ወዴት እንደሄደ አለመታወቁ ነው። የመጀመሪያውን ቡድን ከወንዙ ማዶ አገኘች፤ እነሱ አይደሉም። ሁለተኛውን ገበያው ዳር ደረሰችበት፤ እነሱም አይደሉም፥ «እናንተ ቤት የጨፈሩት እነ አወቀ ናቸው» ብለው በእሷ ዙሪያ ጅራፍ እያጮሁ ተሳሳቁባት። እያንዳንዱ ጩኸት መከታን ምን እያደረገው እንደሆነ ሆዷ ያውቀዋል።

ጋሽ ሱሩር ከሱቃቸው ሆነው «የሚዛኗ ልጅ! ምን ሆነሽ ነው?» አሏት።

«እኛ ቤት የጨፈሩትን ልጆች አይተዋል? እነ አወቀን?»

«ስኳር ሰጥቻቸው አሁን ወደ ኮሶው ዛፍ ወረዱ። ኧረ ቀስ በይ፥ ትወድቂያለሽ!»

ወደቀችም። ተነሥታ ሮጠች።

አወቀ የክፍሏ ልጅ ነው፤ አምና አብረው ስድስተኛ ክፍልን ጨርሰዋል። ጅራፉን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ከኮሶው ሥር ጆንያው ላይ ተቀምጧል። ልጆቹ በዙሪያው ይተሻሻሉ፥ ቅዳሴው ቶሎ በወጣ እያሉ ምራቃቸውን ይውጣሉ።

«ሥሩ! ደግሞ አንቺ ሆያ ሆዬ ልትጨፍሪ ነው?»

«እናቴ ከሰጠቻችሁ...» ትንፋሿ ተቆራረጠ፤ «አንዷ ሙልሙል አልበሰለችም። ልቀይርላችሁ ነው።»

«አትቀልጂ! እኛ እኮ ሊጡንም እንበላዋለን።» ልጆቹ ሳቁ። «የሰጡትን መልሶ መንጠቅ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«እስኪ ጆንያውን ልየው ብቻ።»

ከፈተላት። አርባ ምናምን ሙልሙል፥ ዝናብ የገባበት፥ የተዳጠ፥ አንዱ በአንዱ ላይ የተለጠፈ። በጣት የተጫነ የሚመስለው ግማሹ ነው። የእሷን ለይታ ልታወጣ አትችልም። ሁሉም ካልተቆረሰ አይገኝም፤ ሁሉም እንዲቆረስ ደግሞ ምክንያቱን መናገር አለባት።

ምን ብላ? ሙልሙል ውስጥ መድኃኒት አለ ብላ? በዚህ አገር ምግብ ውስጥ መድኃኒት ከተተች የተባለች ሴት ምን እንደሚደርስባት የማያውቅ የለም። ከዚያች ቀን ወዲህ ከቤቷ ውሃ የሚጠጣ አይገኝም። እሷ ብትችለው እናቷስ? ዳቦውን በእጇ የሰጠችው እናቷ ናት። አንዱ ትንሽ ልጅ አጠገቧ ቆሞ አፍንጫውን በእጅጌው ይጠርጋል።

«ውስጡ መድኃኒት አለ» አለች።

ሳቁ ባንድ ጊዜ ቀጥ አለ።

«ምን አልሽ?»

«አንዷ ውስጥ ክኒን አለ። ለመከታ ነው። እንዳይፈራ ብዬ ከጋሽ ፍሥሐ ያመጣሁት ነው። እናቴ አታውቅም፤ እኔ ነኝ የከተትኩት። እባካችሁ እንዳትበሉት!»

«በላችን!» ብሎ አንዱ አለቀሰ፤ ገና ምንም ሳይቀምስ። ሌሎቹ ከጆንያው ወደ ኋላ ሸሹ። አወቀ ግን ከተቀመጠበት ተነሥቶ ጆንያውን ሣሩ ላይ ዘረገፈው። ፊቱ ነጥቷል።

«ቁረሱ! ሁላችሁም ቁረሱ፥ ማንም አፉ እንዳያደርስ!»

ቆረሱ። ከጠዋት ጀምረው ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ጨፍረው ያገኙትን ሙልሙል አንድ በአንድ እየገመሱ ጭቃው ላይ ጣሉት። አንዳንዱ እየቆረሰ ያለቅሳል። አርባ ሦስቱም አለቀ። ክኒን የለም።

«እንግዲህ ዋሽተሽ ከሆነ...» አለ አወቀ ጥርሱን ነክሶ።

ሥራነሽ አልሰማችውም። ዓይኗ ከዛፉ ኋላ ሄዷል። አንድ ልጅ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል፤ ትከሻው ይንቀሳቀሳል። ድረስ ነው። አምና የተነከሰው ድረስ። ጆንያውን ከጠዋት ጀምሮ የተሸከመው እሱ ነበር።

ተንደርድራ አገጩን ያዘችው። «አፍህን ክፈት!»

«እመብርሃንን፥ ጾሜን አልሻርኩም!» አለ ድረስ በእንባ። ከንፈሩ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ አለ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ፍልሰታን ሲጾም ዘንድሮ የመጀመሪያው ነው፤ በጓደኞቹ ሁሉ ፊት ከዚህ የበለጠ ውርደት አያውቅም። «አልበላሁም! አልቀመስኩም!»

እቅፉ ውስጥ የሸጎጣትን ሙልሙል ነጠቀችው። ሆዷ ላይ የአውራ ጣት ምልክት አለ። ዳር ዳሯ ሁለት ጊዜ ተገምጣለች። ፈለቀቀቻት። ክኒኗ እዚያው አለች፤ ረጥባለች፥ አንድ ጎኗ ግን ጎድሏል።

«ድረስ» አለችው፤ ከፊቱ ተንበረከከች። «ለቄሱ አልናገርም። ለእናትህም አልናገርም። ጾም መሻር አለመሻርህን አልጠየቅኩህም። መረረህ ወይስ አልመረረህም?»

ድረስ ከንፈሩ ላይ ያለውን ፍርፋሪ በእጁ ጠረገ።

«መረረኝ» አለ በመጨረሻ። «ተፋሁት።»

«ሁሉንም?»

«እኔ እንጃ።»

እጁን ያዘችና ሮጡ። የጋሽ ፍሥሐ ቤት ከእነሱ ቤት በላይ፥ ዳገቱ ላይ ነው። በአጥራቸው ሥር ሲያልፉ የጥጃው ቤት በር ሲገጭ ሰማች፤ እንደገና ሲገጭ ሰማች። መከታ ኮቴዋን ለይቶ ይሁን አይሁን እንጃ፥ ባንድ ጊዜ ዝም አለና ቀጥሎ እሪ አለ። ድረስ እጇን ጭብጥ አደረገ። ሥራነሽ ወደ በሩ አልዞረችም። እያለቀሰች ሽቅብ ወጣች፤ ሰው ሰማኝ አልሰማኝ አላለችም።

ጋሽ ፍሥሐ የድረስን ዓይን በመስኮቱ ብርሃን ገልጦ አየ፥ ቀጥ ብሎ እንዲራመድ አደረገው፥ ስሙንና የአባቱን ስም ጠየቀው። ልጁ ሁሉንም ደህና አድርጎ መለሰ።

«ከሰው ምግብ ጋር አታገናኛት ብዬሽ አልነበረም?»

«ብለውኛል።»

ከዚያ በላይ አልተቆጣትም፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። «የጎደለችው ትንሽ ናት፥ አብዛኛውንም ተፍቶታል፤ ደህና ይመስለኛል» አለ ካፖርቱን እያጠለቀ። «እስከ ማታ ግን ብቻውን አይተኛ። በየጊዜው ዓይኑን እዪው፥ አናግሪው። ከተንገዳገደ ወይም ሲጠሩት የማይሰማ ከሆነ ተሸክመሽ ወደዚህ። ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ። እኔ ለእናቱ ልንገራት፥ ቤተ ክርስቲያን ናት።» ስለ ውሻው ሳያነሣ ወጣ።

ቤት ሲደርሱ እናቷን አየቻት። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ቅዳሴ አልሄደችም። የጥጃው ቤት በር ላይ ጀርባዋን ለጥፋ፥ እግሮቿን ከፊቷ ባለው የከብት ማሰሪያ ግንድ ላይ ተክላ ጭቃው ላይ ተቀምጣለች። የበዓል ነጠላዋ በጭቃ ተለውሷል። ከውስጥ በሩ በተገፋ ቁጥር ትከሻዋ ይነቀነቃል።

«ሰንሰለቱን ከነችካሉ ነቀለው» አለች ልጇን ሳታይ። «ስንት ሰዓት ሙሉ ነው እንዲህ የያዝኩት? ቅዳሴውም አመለጠኝ። የት ነበርሽ?»

ሥራነሽ ነገረቻት። ባጭሩ፥ ምንም ሳትደብቅ። እናቷ ሰምታ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ድረስን ጎትታ አጠገቧ አስቀመጠችውና በነጠላዋ ንጹሕ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት።

ሥራነሽ በሩን በጠባቡ ከፍታ ሾልካ ገባች። መከታ ጭንቅላቱን በብብቷ ሥር ወሸቀ። አፉ ዙሪያ ደም አለ፤ እንጨቱን ነክሶ ነው። የልቡ ምት ጭኗን ይደልቀዋል። የሰንሰለቱን ጫፍ የእጇ አንጓ ላይ ጠመጠመች፥ መቀነቷን ፈትታ ደግሞ በላዩ አሰረችበት። የቀረችውን ክኒን አጠገቧ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻት።

አባቷ ሲመጣ የኮቴው ድምፅ ከሩቅ ነው የተሰማት። ከኮሶው ሥር የሆነውን መንገድ ላይ ነግረውታል። የጥጃውን ቤት በር ከፍቶ በበሩ ብርሃን መካከል ቆመ። ጠመንጃው ያለበት መቃን ከኋላው ይታያል።

«የሰማሁት እውነት ነው?»

«እውነት ነው፥ አባባ። ሙልሙሉ ውስጥ መድኃኒት የከተትኩት እኔ ነኝ። እምዬ አታውቅም። ድረስ ቀምሶታል፤ ጋሽ ፍሥሐ አይተውታል።»

አቶ እንዳላማው ደጁ ላይ የተቀመጠውን ድረስን አየ፥ የሚስቱን ነጠላ አየ። ከዚያ ዓይኑ ድንጋዩ ላይ አረፈ።

«እሷ ናት?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልሰጠሽውም? ሆያ ሆዬው እስኪመሽ አያባራም። ዳግመኛ ከወጣ ቃሌን ታውቂዋለሽ።»

ሥራነሽ ክኒኗን አየቻት። አንድ ጊዜ ብቻ ብታጎርሰው፥ አፉን ይዛ ጉሮሮውን ብታሸው፥ ምናልባት ከሰዓት በኋላ ይተኛ ይሆናል።

«ማታ ምን ያህል እንደገባለት አላውቅም» አለች። «ከዚህም ምን ያህል እንደቀረ አላውቅም። የማላውቀውን አልሰጠውም።»

«ቢወጣስ?»

«ከወጣ አብሬው ነው የምወጣው። ታስረናል።» እጇን አነሣችና ሰንሰለቱን አሳየችው።

ከጎረቤት ደጅ ሌላ የሆያ ሆዬ ቡድን ዘፈኑን ጀመረ፥ ጅራፍ ጮኸ። መከታ ተስፈነጠረ፤ ሰንሰለቱ አንጓዋን ልጦ ወደ ፊት ጎተታት። በጉልበቷ ተንፏቃ ያዘችው። ቀና ስትል አባቷ በሩ ላይ የለም። ጠመንጃውን ሊያነሣ ወደ መቃኑ ይሂድ፥ ልጆቹን ዝም ሊያሰኝ ወደ አጥሩ በር ይውጣ አላየችም።

ሰንሰለቱን አንድ ዙር ጨምራ ጠመጠመችው። ቀጥላ አንገቷን ወደ ደጁ አሰገገች።

«ድረስ፥ እንቅልፍ መጣብህ?»

«አልመጣብኝም።»

«እስኪ ወደዚህ ዙር፥ ዓይንህን ልየው።»